ምዕራፍ ሰባት፦ ሳያልቅ ማሳየት

በምዕራፍ አራት አንድ ፕላን ከአርክቴክቷ ጠረጴዛ ተነስቶ ፎርማኑ እጅ እስኪገባ የሚጓዘውን መንገድ ተከትለናል። በምዕራፍ ስድስት ሳይት ውለን ፌሮ ሲታሰር፣ ሶሌታ ሲሞላ፣ ብሎኬት ሲደረደር አይተናል። በሁለቱ መካከል ሳንነካው ያለፍነው ጉዳይ አለ። ብዙ ጊዜ ራሱን የሚገልጠው ሕንፃው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ የተለሰነ ግድግዳ በመሮና በመዶሻ ሲፈለፈል ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ በጅምር ሕንፃ አጠገብ የሚያልፍ ሰው ድምፁን ያውቀዋል። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው የሽቦ ማሳለፊያ ቱቦ ሊቀብር ግድግዳ ይሰነጥቃል። የቧንቧ ሠራተኛው የፍሳሽ መውረጃ ሊያሳልፍ ሶሌታ ይበሳል። መሃል ላይ ወፍራም ፌሮ ሲገጥመው ሥራው ይቆማል፤ መሐንዲስ ይጠራል፣ ደብዳቤ ይጻፋል፣ መልስ ይጠበቃል። እኔን ሁልጊዜ የሚያሳዝነኝ በዚህ ሁሉ መሃል አጥፊ ተፈልጎ አለመገኘቱ ነው። አርክቴክቷ የኮርኒሱን ከፍታ በትክክል ሰጥታለች። የስትራክቸር መሐንዲሱ የቢሙን ጥልቀት በትክክል አስልቷል። የሳኒተሪ መሐንዲሱ ፍሳሹ እንዲወርድ የሚያስፈልገውን ተዳፋት በትክክል ይዟል። ሦስቱም በየወረቀታቸው ልክ ናቸው። ሦስቱን ወረቀት በጊዜው አንዱን ባንዱ ላይ የደረበ ሰው ግን አልነበረም፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ደራቢ መሮ የያዘው ሠራተኛ ሆነ።

ይህ ምዕራፍ ስለዚያ መደረብ ነው። ሕንፃውን መሬት ላይ ከማቆም በፊት ከነመረጃው ኮምፒዩተር ውስጥ መገንባትን ባለሙያዎች ቢአይኤም ይሉታል፤ እኛ በዚህ ምዕራፍ «የሕንፃ መረጃ ሞዴል» ወይም በአጭሩ ሞዴል እንለዋለን። የግንባታው ዘርፍ ወደዚህ አሠራር የሚያደርገው ሽግግር በደረጃ ተከፋፍሎ ይነገራል፦ ዜሮ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ስለ ደረጃዎቹ የሚጻፈው አብዛኛው የሶፍትዌር ዝርዝር ነው፤ እኔ በሌላ በኩል ልግባ። ከደረጃ ወደ ደረጃ ሲታለፍ የሚለወጠው ዋናው ነገር ባለሙያው ሥራውን ለሌሎቹ የሚያሳይበት ጊዜ ነው ብዬ አምናለሁ። ደረጃው ከፍ ባለ ቁጥር ሥራው ጥሬ ሳለ ይታያል። ጥሬ ሥራ ማሳየት ደግሞ ኮምፒዩተር ከመግዛት እጅግ ይከብዳል።

ራሱን የሚያውቅ በር

(በዚህ ምዕራፍ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1982 ገበያ ላይ የዋለው አውቶካድ የንድፍ ቢሮዎችን ከማስመሪያና ከቀለም ብዕር እያላቀቀ መጣ። ሥራ ፈጠነ፣ መሰረዝ ቀለለ። ኮምፒዩተሩ ግን የተሰመረው ነገር ምን እንደሆነ አያውቅም። ግድግዳ ለእርሱ ሁለት ትይዩ መስመር ነው፤ በር አንድ አጭር መስመርና ሩብ ክብ ነው። በሩን ፕላኑ ላይ ብታሰፉት የፊት ገጽታውን በሚያሳየው ሥዕል ላይ ያለው በር እንደ ጠበበ ይቀራል፤ የበሮች ሰንጠረዥ ውስጥ የተጻፈው ልኬትም እንዲሁ። ሦስቱን ቦታ አስታውሶ የሚያስተካክለው ሰው ነው። ሰው ደግሞ ይረሳል።

መፍትሔው ግን ከአውቶካድ ሰባት ዓመት ቀድሞ ተጽፎ ነበር። በ1975 በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው አሜሪካዊው ቻርልስ ኢስትማን በአሜሪካ አርክቴክቶች ማኅበር መጽሔት ላይ አንድ ሐሳብ አቀረበ፦ እያንዳንዱ የሕንፃ ክፍል አንድ ጊዜ ብቻ ይገለጽ፤ ፕላኑም፣ የፊት ገጽታውም፣ ቁራጩም ከዚያ አንድ መግለጫ ይውጡ። አንድ ቦታ ላይ የተቀየረው በሁሉም ላይ ይቀየራል። ሐሳቡ ከዘመኑ ኮምፒዩተር የቀደመ ስለነበር ወደ ተራው ቢሮ ለመድረስ ዓመታት ፈጀበት። በ1980ዎቹ የሃንጋሪው ግራፊሶፍት አርኪካድን ሠራ። በ2000 ሬቪት ወጣ፤ በ2002 የአውቶካድ ባለቤት አውቶዴስክ ሬቪትን ገዛውና ሐሳቡ በየቢሮው ገባ።

በእንዲህ ያለ ሞዴል ውስጥ በር በር መሆኑን ያውቃል። የትኛው ግድግዳ ላይ እንደተተከለ፣ ስፋቱን፣ ከምን እንደተሠራ፣ እሳት ለስንት ደቂቃ እንደሚቋቋም ይዟል። ግድግዳው ሲነሳ አብሮ ይነሳል። ለአንድ ወለል ስንት ሜትር ኩብ ኮንክሪት እንደሚገባ ለማወቅ ከቴክኦፍ ሺት፣ ማለትም ከብዛት መለኪያ ቅጽ ጋር ሲታገሉ ማምሸት ይቀራል፤ ሞዴሉ ራሱ ይቆጥራል። ለሽያጭ ቢልቦርድ ላይ የሚሰቀለው የሚያብረቀርቅ ሥዕል ከዚህ ጋር አይምታታ። ያ ሥዕል አንድም መረጃ ሳይዝ ሊያምር ይችላል።

ይሁንና ሞዴል መኖሩ ብቻውን መሮውን አያስቀምጠውም። አርክቴክቷ የራሷ ሞዴል፣ የስትራክቸር መሐንዲሱ የራሱ ሞዴል ኖሯቸው ካልተያዩ፣ ሁለት ያልተደረቡ ወረቀቶች በሁለት ውድ ያልተደረቡ ፋይሎች ተተኩ ማለት ነው። ደረጃዎቹ የተፈለጉትም ለዚህ ነው።

የአራት እህትማማቾች ድግስ

አራት እህትማማቾች የወንድማቸውን ሠርግ ሊደግሱ ተነሱ እንበል። ትልቋ ወጥ ቤቱን ያዘች፤ ተከታይዋ ድንኳንና ወንበሩን፤ ሦስተኛዋ መጠጡን፤ ትንሿ ጥሪውን።

በመጀመሪያው ዓይነት ድግስ ሁሉም ነገር በቃልና በብጣሽ ወረቀት ነው። ትንሿ አራት መቶ ሰው ትጠራለች፤ ድንኳኑ ለሦስት መቶ ተተክሏል። ይህ የሚታወቀው ሙሽሮቹ ሊገቡ ሲሉ ነው።

በሁለተኛው ዓይነት እያንዳንዷ ጥሩ ደብተር ገዝታለች። አጻጻፋቸውም አንድ እንዲሆን ተስማምተዋል፦ በቀኝ ብዛት፣ በግራ ዕቃ። እያንዳንዷ ሥራዋን ስትጨርስ ለሌሎቹ ግልባጭ ትልካለች። ንጹሕ ነው፣ ይነበባል፤ ግን ግልባጩ ሲደርስ ቀብድ ተከፍሏል። ትንሿ ሃምሳ ሰው ብትጨምር ቢራው አስቀድሞ ታዟል።

በሦስተኛው ዓይነት ደብተሩ አሁንም የየራሳቸው ነው። በየእሑዱ ግን ከቡና በኋላ አራቱንም ደብተር አንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ያስተያያሉ። ገና ያልተቆረጠውን በእርሳስ፣ የተቆረጠውን በእስክሪብቶ ይጽፋሉ። ተከታይዋ እህት የትንሿን የእርሳስ ቁጥር አይታ ድንኳን አከራዩን «ከአራት መቶ ሊያልፍ ይችላል፤ ቆይ» ትለዋለች እንጂ ገንዘብ አትከፍልበትም። ትንሿም ያላለቀ ስም ዝርዝሯን በማሳየቷ አትወቀስም።

በአራተኛው ዓይነት አንድ ደብተር ብቻ አለ። አራቱም በእርሱ ላይ ይጽፋሉ፤ አንዷ የጻፈችው ሁሉንም ወዲያው ያንቀሳቅሳል። ይህ ከሁሉ የሚያምር ይመስላል። ግን ቁጥሩ ሲሳሳትና በጉ ሲያንስ «ይህን ማን ጻፈው? ማንስ ይክፈል?» የሚለው ጥያቄ ይነሳል።

ደረጃ ዜሮ፣ አንድ፣ ሁለትና ሦስት እነዚሁ አራቱ ናቸው።

ዜሮና አንድ

አከፋፈሉን በ2008 በአንድ ሥዕል ያስቀመጡት ሁለት ብሪታንያውያን፣ ማርክ ቢው እና ሜርቪን ሪቻርድስ ናቸው። ሥዕሉ ከግራ ወደ ቀኝ የሚወጣ ተዳፋት ነው፤ ከሥሩ መስመሮች፣ ከመሃል ሞዴሎች፣ ከላይ አንድ የጋራ ሞዴል። በዚህ ተዳፋት ደረጃ ዜሮ ወረቀት ወይም እንደ ወረቀት የሚያገለግል የኮምፒዩተር መስመር ነው። ደረጃ አንድ ሥርዓት የገባለት መስመር ነው፦ የፋይል ስም አሰጣጥ አንድ ሆኗል፣ አንዳንዱም ሥራ በሦስት ገጽታ ይታያል። ብዙ ጥሩ ቢሮዎች እዚህ ላይ ናቸው፤ ሊናቅም አይገባም። ስሙ «የመጨረሻው»፣ «የመጨረሻው አዲስ»፣ «እውነተኛው የመጨረሻ» የሆነ ፋይል ፍለጋ ግማሽ ቀን ያቃጠለ ሰው ሥርዓት ያለው ስም ዋጋው ስንት እንደሆነ ያውቃል። ሥራው ለሌላው የሚታየው ግን አሁንም አልቆ፣ ታትሞ፣ ማኅተም ካረፈበት በኋላ ነው።

እሑዱን ያስገደዱት

ደረጃ ሁለት ላይ መቆየት እፈልጋለሁ፤ የዚህ ታሪክ ፍሬ ያለው እዚያ ነውና።

ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በኋላ የብሪታንያ መንግሥት ወጪ መቀነስ ነበረበት። መንግሥት ከአገሪቱ ትልልቅ የግንባታ ደንበኞች አንዱ ነው፤ ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል፣ ማረሚያ ቤት ያሠራል። በሜይ 2011 የወጣው የመንግሥት የግንባታ ስትራቴጂ የግንባታ ወጪን እስከ 20 በመቶ የመቀነስ ዓላማ ይዞ አንድ ግዴታ አስቀመጠ፦ በ2016 ማዕከላዊው መንግሥት የሚያሠራው ሥራ ሁሉ ደረጃ ሁለት ላይ ይደርሳል። የመንግሥት የመጀመሪያው የግንባታ ዋና አማካሪ የነበረው ፖል ሞረል ከገፊዎቹ አንዱ ነበር። የፍትሕ ሚኒስቴር በሙከራነት ቀድሞ ገባበት። ቀነ ገደቡ ኤፕሪል 4 ቀን 2016 ሆነ።

ብሪታንያ የመጀመሪያዋ አይደለችም። የፊንላንድ መንግሥት ሕንፃዎች አስተዳዳሪ ሴናቲ ከ2007 ጀምሮ ሞዴል ይጠይቅ ነበር፤ ሲንጋፖርም ከ2013 ጀምራ የግንባታ ፈቃድ ማመልከቻን ከነሞዴሉ ወደ መቀበል በደረጃ ገብታ በ2015 ከ5,000 ካሬ ሜትር በላይ ለሆኑ አዳዲስ ሕንፃዎች ሁሉ ግዴታ አድርጋዋለች። የብሪታንያው ምርጫ ግን ልዩ ጥበብ ነበረበት። ወደ ደረጃ ሦስት ዘልለው አንድ ደብተር ላይ ሁሉም ይጻፍ አላሉም። እያንዳንዱ ደብተሩን እንደያዘ ይቀጥል፣ ኃላፊነቱም የየራሱ ይሁን፣ ነባሩም ውል ይቆይ፤ እሑዱ ግን ግዴታ ይሁን አሉ። በ2013 ከነባር ውሎች ጋር አባሪ የሚሆን አጭር ሰነድ ተዘጋጀ፦ ማን የትኛውን ሞዴል፣ በየትኛው ምዕራፍ፣ በምን ያህል ዝርዝር እንደሚያቀርብ የሚል።

እሑዱ የሚካሄድበት ጠረጴዛ «የጋራ የመረጃ ቦታ» ነው፤ የፕሮጀክቱ ፋይሎች በሙሉ የሚቀመጡበት፣ በሕግ የሚመራ አንድ ማከማቻ። አራት ክፍል አለው። በመጀመሪያው ውስጥ ያለው በመሠራት ላይ ያለ ነው፤ ከቢሮው ሰዎች በቀር ማንም አያየውም። ሁለተኛው ለሌሎች የተጋራ ነው። ሦስተኛው ጸድቆ የወጣ፤ ሳይት የሚሠራበት ይህ ብቻ ነው። አራተኛው ማኅደር ነው፤ የቀድሞው ሁሉ ሳይጠፋ ይቀመጥበታል።

ምስጢሩ ያለው ሁለተኛው ክፍል ላይ ነው። ወደዚያ የሚገባ ማንኛውም ፋይል ለምን ሥራ እንደሚበቃ የሚናገር ምልክት ይለጠፍበታል። «ኤስ 1» የሚል ምልክት ያለው ሞዴል ለማስተባበር ብቻ ነው ማለት ነው፤ «ኤስ 2» ለመረጃ፣ «ኤስ 3» ለአስተያየት። የስትራክቸር መሐንዲሱ «ኤስ 1» ብሎ ሲሰድ ለሳኒተሪው መሐንዲስ የሚነግረው እንዲህ ነው፦ ቱቦህን ከዚህ ቢም አንጻር አስቀምጥ፣ ቢጋጭ ንገረኝ፣ ግን በዚህ ፌሮ እንዳታስቆርጥ። የእርሳሱ ጽሕፈት ይህ ነው። ለእኔ ከቢአይኤም ፈጠራዎች ሁሉ ትልቁ ይህች ትንሽ ምልክት ናት። ያላለቀ ሥራ ያሳየ ሰው ባለማለቁ እንዳይከሰስ ታደርጋለች፤ የተመለከተውም ሰው ከሚገባው በላይ እንዳይተማመንበት።

ከዚያ በኋላ ያለው ቴክኒክ ነው። ሞዴሎቹ ይደረባሉ፤ ፕሮግራሙ የሚጋጩትን ይፈልጋል። በአንድ መካከለኛ ሕንፃ የመጀመሪያ መደረብ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ግጭቶች መውጣታቸው የተለመደ ነው። አብዛኛው ከንቱ ነው፤ አንድ ቱቦ በቀላል ክፍልፋይ ግድግዳ ሲያልፍም ማሽኑ «ግጭት» ይለዋል። ዋናው ሙያ ከዚያ ክምር መሃል በኮሪደሩ ኮርኒስ ውስጥ ቢሙን የሚወጋውን የአየር ማስተላለፊያ ቱቦ ነጥሎ ማውጣት ነው፤ እርሱን ሰው እንጂ ማሽን አይመዝነውም። ሞዴሉ ላይ የሥራ ቀን ሲጨመርበት ባለሙያዎች አራተኛው ገጽታ ይሉታል፤ ሕንፃው ሳምንት በሳምንት ሲያድግ ይታያል። ዋጋ ሲጨመርበት አምስተኛው ይሆናል።

በመጨረሻም ባለቤቱ የሚረከበው ነገር አለ። ብሪታንያ ከሞዴሉ ጋር ኮቢ የሚባል ሰንጠረዥ እንዲቀርብ ጠየቀች፦ የትኛው ፓምፕ የት ክፍል እንዳለ፣ ማን እንደሠራው፣ ዋስትናው መቼ እንደሚያልቅ የሚዘረዝር። ማንኛውም የሕንፃ ጥገና ሠራተኛ በተራ የሰንጠረዥ ፕሮግራም ሊከፍተው ይችላል።

ቋንቋው ካልተግባባ

የእህትማማቾቹ ደብተር በአራት የተለያየ ፊደል ቢጻፍ ጠረጴዛው ላይ መዘርጋቱ አይጠቅምም። ሬቪት የጻፈውን አርኪካድ፣ አርኪካድ የጻፈውን ሌላው እንዲያነብ አይኤፍሲ የሚባል የጋራ አጻጻፍ ተዘጋጅቶ በ2013 ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ ሆኖ ጸድቋል። አለመግባባት ስንት እንደሚያስከፍል ያሳየው የአሜሪካ ብሔራዊ የስታንዳርድና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው። በ2004 ባወጣው ጥናት፣ በአሜሪካ በትልልቅ ሕንፃዎችና ተቋማት ዘርፍ የኮምፒዩተር ሥርዓቶች ባለመናበባቸው ብቻ በ2002 የጠፋውን 15.8 ቢሊዮን ዶላር ብሎ ገመተው። ከዚህ ውስጥ 10.6 ቢሊዮኑን የተሸከሙት ንድፍ አውጪዎቹና ተቋራጮቹ አይደሉም፤ ሕንፃውን የያዙትና የሚያስተዳድሩት ናቸው። ይህ ቁጥር ብዙ ይነግረናል። እሑዱ እንዲኖር ይበልጥ የሚጠቅመው ባለቤቱን ነው፤ እሑዱን ለማድረግ የሚደክሙት ግን ሌሎች ናቸው። ባለቤቱ ካልጠየቀ ማንም በራሱ አይጀምረውም።

ከአውሮፕላን ሥራ አንድ ምሳሌ ልጨምር። በ2006 ኤርባስ ኤ380 የተባለውን ግዙፍ አውሮፕላኑን በወቅቱ ማድረስ እንዳቃተው አስታወቀ። እያንዳንዱ አውሮፕላን 530 ኪሎ ሜትር ገደማ ሽቦ አለው። ሃምቡርግ ያሉት መሐንዲሶች በአንድ ፕሮግራም የቀደመ እትም፣ ቱሉዝ ያሉት በአዲሱ እትም ይሠሩ ነበር፤ ሁለቱ በትክክል አልተናበቡም። የሽቦው እሥር ሊገጠም ሲቀርብ ልኩ አልመጣም። በዓለም እጅግ የሠለጠኑት መሐንዲሶች ሞዴል ነበራቸው፣ ጥሩ ፕሮግራምም ነበራቸው፤ ያጡት መናበቡን ነው።

አደጋውን ማን ይሸከም?

ሜርቪን ሪቻርድስ ከለንደን ሂትሮው ተርሚናል 5 ሥራ ጋር ስሙ ይነሳል። ይህ 4.3 ቢሊዮን ፓውንድ የፈጀ ፕሮጀክት በማርች 2008 ሲከፈት የሻንጣ ማስተላለፊያው ሥርዓት ተስተጓጉሎ ብዙ መንገደኛ ተጉላልቷል፤ ግንባታው ግን በጊዜውና በበጀቱ ነበር ያለቀው። ብዙዎች የሚያወሱት እዚያ የተሞከረውን የጋራ የሞዴል ሥርዓት ነው። እኔን የበለጠ የሚስበኝ ውሉ ነው። ባለቤቱ ቢኤኤ የግንባታውን አደጋ ራሱ ወሰደ፤ ለፕሮጀክቱ በሙሉም አንድ የመድን ዋስትና ገዛ። አንድ መሐንዲስ «እዚህ ላይ ተሳስቻለሁ፣ እዩልኝ» ሲል ጠበቃ የሚሮጥበት ምክንያት ጠፋ። ሞዴሉን ያስከፈተው ውሉ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

የደረጃ ሦስት ፈተና ሁሉ ከዚሁ ይመነጫል። አንድ ሞዴል ላይ አሥር ድርጅት ሲጽፍ የሞዴሉ ባለቤት ማነው? የአንዱ ስሕተት የሌላውን ሥራ ወዲያው ሲያበላሽ የማን መድን ይከፍላል? በእንግሊዝ ዱድሊ ኮሌጅ «አድቫንስ 2» በተባለው ሕንፃ ላይ ባለቤቱም፣ ንድፍ አውጪዎቹም፣ ተቋራጩም በአንድ የጋራ መድን ሥር ገብተው እርስ በርስ መካሰስን ትተው ሠርተዋል፤ ሕንፃው በ2017 ተጠናቀቀ። ተስፋ ሰጪ ሙከራ ነው። ለብዙኃኑ የግንባታ ሥራ ግን ደረጃ ሦስት ዛሬም ሩቅ ነው።

ደረጃዎቹን የፈጠረችው አገርም ቢሆን አሁን በቁጥሩ ብዙ አትጠራቸውም። የብሪታንያ ስታንዳርዶች አድገው በ2018 አይኤስኦ 19650 የተባለ ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ ሲሆኑ «ደረጃ ሁለት» የሚለው አነጋገር እየቀረ መጣ። ተገቢ ይመስለኛል። መሰላል ሲባል ሁሉም አንድ ላይ የሚወጣ ይመስላል። በእውነተኛ ፕሮጀክት ግን አርክቴክቷ ሁለት ላይ፣ የሳኒተሪው ንዑስ ተቋራጭ ዜሮ ላይ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የመደረቡም ጥራት የሚወሰነው በኋለኛው ነው። ኤንቢኤስ የተባለው የብሪታንያ ድርጅት በየጊዜው ባደረገው መጠይቅ ሞዴል እንጠቀማለን ያሉት በ2011 ዘገባ 13 በመቶ ነበሩ፤ በ2020 ዘገባ 73 በመቶ ደረሱ። ትልቅ ለውጥ ነው። ሆኖም «እንጠቀማለን» ከሚሉት መካከል ሞዴሉን በገዛ ቢሮው ብቻ ሠርቶ ለሌላው ህትመት የሚልክ አለ። ውጭ አገር እንዲህ ዓይነቱን ብቸኛ ሞዴል ይሉታል፤ እኔ ጥሩ ደብተር ያለው ደረጃ አንድ እለዋለሁ።

ከቁልፉ ርክክብ በኋላ

ጁን 14 ቀን 2017 ለንደን ውስጥ ግሬንፌል የተባለ የመኖሪያ ሕንፃ ተቃጥሎ 72 ሰዎች ሞቱ። እሳቱን ያዛመተው በዕድሳት ጊዜ ከውጭ የተለበጠው የሚቀጣጠል ልባስ ነው። ከአደጋው በኋላ የሕንፃ ደንቦችን የመረመሩት ዴም ጁዲት ሃኪት በሜይ 2018 ባቀረቡት ዘገባ «ወርቃማ ክር» ያሉትን ጠየቁ፦ ሕንፃው ምን ሆኖ እንደታቀደ፣ በምን እንደተሠራ፣ ምን እንደተቀየረበት የሚናገር፣ ከንድፍ ጀምሮ እስከ ሕንፃው ዕድሜ ፍጻሜ የማይበጠስ ዲጂታል መረጃ። የ2022ቱ የሕንፃ ደህንነት ሕግም ቢያንስ 18 ሜትር ወይም ሰባት ፎቅ ላላቸው መኖሪያ ሕንፃዎች ይህን ግዴታ አደረገው።

እስካሁን ሥራን ማሳየት ያልነው በባለሙያዎች መካከል ነበር። እዚህ ላይ ተመልካቹ ተለወጠ። ከሃያ ዓመት በኋላ እሳት ሊያጠፋ የሚገባው ሰው፣ ግድግዳው ከምን እንደተሠራ ማወቅ የምትፈልገው ነዋሪ፣ ሊፍቱን የሚጠግነው ቴክኒሻን ሁሉም ባለመብቶች ናቸው። የፓምፑ ሰንጠረዥና በሩ እሳት የሚቋቋምበት ደቂቃ የቢሮ ሥራ ይመስሉ ነበር፤ የሰው ሕይወት ያለባቸው መረጃዎች ናቸው።

እኛ ዘንድ

አዲስ አበባ ውስጥ ሬቪትና አርኪካድ የሚጠቀሙ ቢሮዎች ብዙ ናቸው፤ ወጣት አርክቴክቶቻችን በችሎታ ከማንም አያንሱም። ሞዴሉ ግን ብዙ ጊዜ ከቢሮው በር አይወጣም። ተቋራጩ ዘንድ የሚደርሰው ህትመቱ ነው፤ ተቋራጩም ከህትመቱ ላይ ብዛቱን እንደገና በእጅ ይለካል። አንዴ የተቆጠረው ኮንክሪት ሁለተኛ ይቆጠራል፤ ልዩነቱም በክፍያ ሰርተፍኬት ጊዜ ጭቅጭቅ ይሆናል።

ምክንያቱ የሶፍትዌር እጥረት አይመስለኝም። ውሎቻችን የሚያውቁት ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ነው። አማካሪው የሚከፈለው ፕላኑን አጠናቆ ሲያስረክብ ነው፤ ያላለቀውን ቢያሳይ የሚያተርፈው ነገር የለም፤ የሚፈራው ግን አለ። ፋይሉ ተገልብጦ ሌላ ቦታ እንዳይሠራበት ይሰጋል፣ በእርሳስ የጻፈው እንደ እስክሪብቶ እንዳይቆጠርበት ይሰጋል። ስጋቱ እውነተኛ ነው፤ ሥልጠና ብቻውን አያጠፋውም።

አንድ ባለቤት ግን፣ መንግሥትም ይሁን የቤት ማኅበር ወይም ባለሀብት፣ ብሔራዊ መመሪያ ሳይጠብቅ ውሉ ውስጥ ሊያስገባቸው የሚችሉ ነገሮች አሉ። ሁሉም ሞዴሉን በተወሰነ ቀን በአይኤፍሲ ያስገባ። ያስገባው ፋይል ለምን እንደሚበቃ ምልክት ይኑረው፤ ለማስተባበር የተላከ ሞዴል በአቅራቢው ላይ ማስረጃ እንዳይሆንም በግልጽ ይጻፍ። ለማስተባበር ስብሰባው የሚከፈል ሰዓት ይያዝለት፤ ያልተከፈለበት እሑድ ብዙ አይቆይም። ሲጠናቀቅም አዝ ቢልቱ፣ ማለትም በእውነት የተሠራውን የሚያሳየው፣ በወረቀት ጥቅል ብቻ ሳይሆን ከነሞዴሉ ይረከብ።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ አስተባባሪው ማን እንደሆነ ይታወቅ። በመካከለኛ ሕንፃ ይህን ሥራ አንድ በርትቶ የሚሠራ ወጣት መሐንዲስ በሳምንት ከአንድ ቀን እስከ ሁለት ቀን ሊሸፍነው ይችላል። የሚያስፈልገው ሥልጣን ነው። የስትራክቸሩ ሞዴል ዓርብ ካልገባ የዚያ ምዕራፍ ክፍያ እንዲዘገይ ማድረግ ካልቻለ፣ ሥራው ስልክ እየደወሉ መለመን ይሆናል፤ በሁለተኛው ወር ሞዴሎቹ መምጣታቸውን ያቆማሉ። እንዲህ ያለውን ሥልጣን ለአስተባባሪው መስጠት የሚችለው ባለቤቱ ብቻ ነው፤ መስጠት የሚችለውም ውሎቹ ከመፈረማቸው በፊት ነው።